የተርጓሚዋ ወንበር

ረቡዕ፣ ኅዳር 25 ቀን 1978

ይህ ደብተር ዕብራይስጥ የተማርኩበት የዑልፓን ደብተር ነው። በቀኝ በኩል ሲከፈት «እኔ ዘመናይ ነኝ፤ የምኖረው ፔታህ ቲክቫ ነው» የሚሉ የጀማሪ ዓረፍተ ነገሮች አሉበት። ዛሬ በግራ በኩል ከፍቼ በአማርኛ ጀመርኩ። ለሰው የማይነገር ነገር የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ትናንት ጋሼ ዳምጤ ሦስት ጣቶቹን አጣ። ቀኝ እጁን ነው። የቆርቆሮ መቁረጫው ማሽን ወሰዳቸው። እኔ ስደርስ የሥራ ኃላፊያችን ያኮቭ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ ከጋሼ ዳምጤ ይልቅ የገረጣው እሱ ነው። አምቡላንሱ ውስጥ አብሬ ገባሁ። ኪርያት አርዬ ባለው ፋብሪካችን ውስጥ አሥራ አራት ኢትዮጵያውያን አለን። አፌን ሞልቼ ዕብራይስጥ የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ እስራኤል ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሌሎቹ አምና በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። የታመመም፣ የተጣላም፣ ደብዳቤ የደረሰውም «ዘመናይን ጥሩልኝ» ነው የሚለው።

ሐኪሙ «ጣቶቹን መመለስ አይቻልም በይው» አለኝ። አልኩት። ጋሼ ዳምጤ ጣሪያውን ትንሽ አየና «እሺ፤ አመስግኚልኝ» አለኝ። አመሰገንኩለት። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

የማሽኑ መከለያ በቦታው አልነበረም። ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የፈታው ታረቀ ነው፤ ሲፈታ ሁሉም አይቶታል። ታረቀ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እናት አባቱ ገና አገር ቤት ናቸው፤ ብቻውን ነው የመጣው። መፍቻ ከያዘ የማይፈታው ነገር የለም እያልን እንቀልድበት ነበር።

ሰኞ ስለሆነው ነገር ዛሬ አልጽፍም። ደክሞኛል።


ዓርብ፣ ኅዳር 27

አውቶቡስ ውስጥ። እያንገጫገጨኝ ነው።

ፖሊሶች መጡ። ማሽኑን ፎቶ አነሱ። ታረቀ ከሥራ ታገደ። «ለምን ፈታኸው?» አሉት። «ታዝዤ» አለ። «ማን አዘዘህ?» አሉት። መሬት መሬቱን አየ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ያኮቭ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

እኔንም አላየኝም። ታረቀን ነው የምለው።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ከዛሬ ጀምሮ ፎቅ ነኝ። ቢሮ! የሚሽከረከር ወንበር፣ ስልክ፣ የእግር ማሞቂያ። ያኮቭ ራሱ ነው ያወጣኝ። «አንቺን የመሰለ ሰው ታች ምን ይሠራል? እዚያ የሚፈለገው እጅ ብቻ ነው» አለ። ያለውን ሲሰማው ደነገጠና ስልኩን አነሳ። የሚደውልለት ሰው ግን አልነበረም።

እማዬ እልል ልትል ከንፈሯን ስታሾል «ሰው እጁ ተቆርጦ!» ብዬ ከለከልኳት። እሷም ደግሞ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ማንን እንደሆነ እንጃ።

ጥሩ ነው። ይገባኛል። ሦስት ዓመት ታች ቆሜአለሁ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ትናንት እኩለ ቀን ላይ አባ ሹሜ አውጫጭኝ ጠሩ። እዚህ፣ ሰፈራችን ራማት ቬርበር፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ካለው የብርቱካን ዛፍ ሥር! አባ ሹሜ አገር ቤት የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ እዚህ የፋብሪካውን ግቢ ይጠርጋሉ። መጥረጊያቸውን ግን እንደ ዘንግ ነው የሚይዙት።

አባቴ የሚነግረኝ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ከብት ሲጠፋ፣ ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲሰወር፣ አገሬው በሙሉ ይወጣል። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ነገሩ ሳይወጣ ቤቱ የሚሄድ የለም። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የሚያውቀውን በሽማግሌው ጆሮ ያንሾካሹካል። ሽማግሌው በኋላ በአደባባይ ሲናገሩ ግን የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም። «ወፍ ነገረችኝ» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች ከሳቸው ጋር ትቀበራለች።

ሁላችንም ወጣን። አንዲት ጎረቤት ከበረንዳዋ ሆና ሠርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ውዴ፣ አንዲት አሮጊት የምትንከባከበው፣ «ልሂድ፤ አሮጊቷን ማን ያበላልኛል?» አለች። አባ ሹሜ «እንግዲያው አሮጊቷም ትምጣ» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ታረቀ ብቻ አልሳቀም።

ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ «ያኮቭ ነው ያዘዘው» አልኳቸው።

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ሌላም አልጨመርኩም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተነሱና «ሰንበት ሳትገባ ወፍ ደርሳልኛለች። ልጁ በገዛ እጁ አላደረገም፤ ታዝዞ ነው። አዛዡም የሥራው ጌታ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ታረቀን ሳመው። እሱ በሰው ትከሻ ላይ ወደኔ አየ። እኔ ነጠላዬን አጣጥፍ ነበር።

ያልኩት እውነት ነው። ያኮቭ አዟል። አንድም የውሸት ቃል የለበትም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። አጣሪ ጉባኤ ተሰይሟል። በዝግ ችሎት ምስክሮችን ይሰማል፤ ከዚያ ጥፋት ያለበትን ሰው ለፍርድ ቤት ያስተላልፋል። አሁን ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ታረቀ። ፍርድ ቤት ከሄደ እስር ሊኖርበት ይችላል። ዕብራይስጥ የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው ልጅ።

ያኮቭ ቢሮዬ መጣ። «ተርጓሚ ፈልገው ያንቺን ስም ሰጥቻቸዋለሁ። የቢሮ ሠራተኛ ናት፣ ከታች ካሉት ጋር አትሠራም ብያቸዋለሁ። በሰደር፣ እሺ?»

«በሰደር» አልኩት።

«ተርጓሚ ደግሞ ምስክር አይሆንም» አለ ሲወጣ፤ በሩን በቀስታ ነው የዘጋው። «ተርጓሚ አፍ ብቻ ነው።»

ኩራት ተሰምቶኛል። መካድ አልችልም። ለመንግሥት ጉባኤ አስተርጓሚ! እማዬ ቀሚሴን እየተኮሰች ነው።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ዛሬ ተጀመረ።

ጠዋት ስደርስ አባ ሹሜ ሃያ የሚሆን ሰው አስከትለው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ዘበኛው ፊቱ ቀልቷል። «ያላ፣ ንገሪያቸው! የተጠራው አንድ ሰው ነው!»

«ነገሩን ሳንሰማ እንዴት እንፈርዳለን?» አሉ አባ ሹሜ።

«እናንተ አትፈርዱም አባባ» አልኳቸው። «አንድ ሰው ይገባል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። ከዚያ ሌላው ነው።»

«ሌላው የፊተኛውን ቃል ሳይሰማ?»

«ሳይሰማ።»

«እናቱስ? ሽማግሌውስ?»

«ማንም አይገባም። የምስክሩ ጠበቃ እንኳ ውጭ ነው የሚቀመጠው።»

አሰቡበት። «ያኮቭም አይገባም?»

«ለራሱ ምስክርነት ካልሆነ አይገባም።»

«እንዲያ ከሆነ ደኅና» አሉና ሰዉን አሰናበቱት። ሲሄዱ ግን «ተደብቆ የሚወጣ እውነት አላውቅም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ያስላቸዋል። በቀኛቸው ከአሜሪካ የመጣች ኤስቴር የምትባል ጠበቃ፣ በግራቸው አንድ የማይናገር መሐንዲስ። ማዕዘን ላይ የምትተይብ ሴት። መሐል ላይ ሁለት ወንበር አለ፤ የምስክሩና የኔ። ሰብሳቢው እዚህ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚችለው ይኸው ነው አሉ። በሩ የሚዘጋውም ንጹሕ ሰው በከንቱ ስሙ እንዳይጠፋ፣ ምስክርም ሰው ፈርቶ እንዳያጎድል፣ ወይም ሌላውን ሰምቶ ቃሉን እንዳያስተካክል ነው። ስለዚህ የሚመሰክር ሰው ሌላ ሲመሰክር ጭራሽ እዚህ አይገኝም።

ከዚያ አስማሉኝ። የሰማሁትን ላላወጣ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም። ለእኛ ለቤተ እስራኤል መሐላ ቀላል ነገር አይደለም።

«ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኝሽ ነገር አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

«የምሠራው ቢሮ ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ የምሠራው ቢሮ ነው።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ደብተር ሰው ነው? እዚህ መጻፍ ማውጣት ነው? ለሰው አላሳየሁም። ፍራሽ ሥር ነው የማስቀምጠው።

ገበያ ላይ አብራን የምትሠራው ደባሽ አስቁማኝ «ምን አሉ? ልጁ ይታሰራል?» አለች። «ምያለሁ» አልኳት። ተቀየመችኝ። ስሄድ ለጓደኛዋ «ተያት። እሷ አፋችን ናት፤ እሷን ካስቀየምን ምን እንሆናለን?» ስትል ሰማሁ።

አፋችን። ያኮቭም ያለው ይህንኑ ነው።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

ጋሼ ዳምጤ ገባ። እጁ ገና ተጠቅልሏል። መሐላውን ሲፈጽም ቀኝ እጁን አነሳ፣ ከዚያ አፈረና በግራው ቀየረው። ኤስቴር አንገቷን ደፋች።

«መከለያውን ማን እንደፈታው አይተዋል?»

«ታረቀ ነው።»

«ማን ፍታ አለው?»

ይህን ስጠይቀው ድምፄ ቀጠነ። ጋሼ ዳምጤ ወደኔ አየ፤ ረጅም ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ቆርቆሮ አቀብል ነበር። አልሰማሁም» አለ።

ተረጎምኩ። ትንፋሼ ሲመለስ ተሰማኝ። ለምን እንደተመለሰ አላውቅም። ማለቴ፣ ጋሼ ዳምጤ ታሟል፣ ቶሎ እንዲያልቅለት ፈልጌ ነው።

ሲወጣ በሩን በግራ እጁ መክፈት አቃተው። ተነስቼ ከፈትኩለት።


እሑድ፣ ጥር 4

ዛሬ የያኮቭ ቀን ነበር። እሱ ዕብራይስጥ ስለሚናገር እኔ አላስፈልግም፤ ወደ ኮሪደር አስወጡኝ። ተርጓሚም የሚገባው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ኤስቴር ለዕረፍት ወጥታ ብርቱካን አካፈለችኝ። ሰብሳቢው ይህን አሠራር ከየት አመጡት ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች፤ ግማሹን ለካ እሷ ናት ያስተማረቻቸው። በአሜሪካ ግራንድ ጁሪ የሚባል አለ አለችኝ። ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ ሦስት የሚሆኑ ተራ ሰዎች ይጠራሉ፤ ጋጋሪውም አስተማሪውም። ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው አይፈርዱም፤ ይከሰስ ወይስ አይከሰስ የሚለውን ብቻ ነው የሚወስኑት። ዐቃቤ ሕጉ፣ ጸሐፊው፣ ተራው የደረሰ ምስክር፣ ካስፈለገም ተርጓሚ ይገባል። ዳኛ አይቀመጥም። ጠበቃ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። ድምፅ ሊሰጡ ሲሉ ደግሞ ከነሱ በቀር ሁሉም ይወጣል፤ ተርጓሚውም ጸሐፊውም።

«ምስክሩስ ከወጣ በኋላ እንደኔ አፉ ታስሮ ይቀራል?» አልኳት።

«በፌዴራሉ ሕግ እሱ ራሱ የተናገረውን ለፈለገው ሊናገር ይችላል። የራሱ ቃል የራሱ ነው። ተርጓሚዋ ግን የሰው ቃል ነው የያዘችው፤ አትችልም። የኛም ደንብ እንዲሁ ነው።»

እኔም አውጫጭኝን ነገርኳት። «ስንት ሰው ነው የሚገባው?» አለች። «ሁሉም» አልኳት። «ታዲያ ምስጢሩ የት አለ?» «ጆሮ ውስጥ።» በጣም ደስ አላት፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የራሱ ቃል የራሱ ነው የሚለው ሲዞርብኝ ዋለ።


እሑድ፣ ጥር 11

አባ ሹሜ። እንዴት ልጻፈው።

ነጭ ለብሰው ገቡ። ወንበሩ ላይ ሳይሆን ቆመው ሊናገሩ ፈለጉ፤ ሰብሳቢው ፈቀዱ። ያሉት አጭር ነው። «ልጁ በደል የለበትም። ሥራውን የሚገዛው ሰው ነው ያዘዘው።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ወፍ ነግራኛለች።»

ተረጎምኩ። የምትተይበዋ ሴት እጇን አቆመች። አባ ሹሜ እንዲያስረዱ ተጠየቁ፤ አስረዱ። ሁሉ ሰው እንደወጣ፣ ሁሉ ሰው እንዳንሾካሾከ፣ ስም እንደማይወጣ። እኔ አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ሰብሳቢው «አባት፣ እኔ ስም ያስፈልገኛል» አሉ።

«ስም ካወጣሁ ነገ ማን ይነግረኛል? ሰው እውነት የሚናገረው ስሙ እንደማይወጣ አምኖ ነው። አንቱም በር የዘጉት ለዚሁ አይደለም?»

ሰብሳቢው ሳላቸው መጣ። ከዚያ ያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ኃላፊው አማርኛ አያውቅም። ልጁ ዕብራይስጥ አያውቅም። ትዕዛዙ በምን ቋንቋ ነው የደረሰው?»

ይህንንም ተረጎምኩ። በገዛ አፌ።

አባ ሹሜ ወደኔ አላዩም። አንዴም አላዩም። መስኮቱን እያዩ «ያንን ወፏ ታውቃለች» አሉ።

ሰብሳቢው ስም የሌለው ወሬ ምስክር አይሆንም፤ ይሰረዝ አሉ። የምትተይበዋ ሴት በእርሳስ ሰረዘችው። የሚቀረው ምስክር አንድ ነው፤ ታረቀ ራሱ። እሱ ማንም እንዳዘዘው ካልተናገረ ወረቀቱ በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አባ ሹሜ እኔን ብለው ልጁን ጣሉት። እኔም ተረጎምኩላቸው።


ማክሰኞ፣ ጥር 13

አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ታረቀን አየሁት። እሱ ማዶ፣ እኔ ወዲህ። ምስክርና ተርጓሚ መነጋገር አይፈቀድም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳኝ፤ ለታላቅ እህት እንደሚደረገው። እጅ የሚነሳኝ ለምንድን ነው!

እሺ። ሰኞ ኅዳር 23።

የጭማቂ ቆርቆሮ አስቸኳይ ትዕዛዝ መጥቶ ነበር። ማሽኖቹ ይጮኻሉ። ያኮቭ በጆሮዬ «በይው፣ መከለያውን ይፍታው፤ ሥራ ያዘገያል፤ ትዕዛዙ እስኪያልቅ ነው» ብሎ ጮኸና ሄደ። እኔ በታረቀ ጆሮ ጮኽኩ። እስከዚህ አፍ ብቻ ነኝ።

ታረቀ ግን መፍቻውን ይዞ ቆመ። «እጅ አይነካም ወይ? እስቲ ያኮቭን ጠይቂልኝ» አለኝ። ያኮቭ አራት እርምጃ እንኳ አልራቀም። ልጠራው እችል ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ርቦኛል፣ ታረቀ ሁልጊዜ ጥያቄ ያበዛል። «ምንም አይልም» አልኩት።

ያኮቭ ይህን አላለም። ማንም አላለም። የኔ ነው።

ታረቀም አመነኝ። አራቱን ብሎን ፈታ። ጋሼ ዳምጤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆርቆሮ ያቀብል ነበር።


እሑድ፣ ጥር 18

ቶሎ ልጻፈው።

ታረቀ የተዋሰውን ኮት ለብሶ ገባ። እጅጌው ረዝሞበታል። ሰብሳቢው «ለፖሊስ ታዘዝኩ ብለሃል። ዛሬ ምለሃል። ማነው ያዘዘህ?» አሉ። ተረጎምኩ።

ዓይኔን አየኝ። ደግሞ አየኝ። «ማንም» አለ።

ሁሉም የኔን አፍ ጠበቁ። አንዲት ቃል ናት። ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም ምያለሁ።

«ማንም አለ» አልኩ በዕብራይስጥ። ከዚያ ተነሳሁ። «ትርጉሙ ይኸው ነው። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። ፍታ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኮቭ አዞኝ ነው፤ ሰኞ ኅዳር 23። እኔ ምስክር ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አልነበረብኝም።»

ታረቀ ያልኩት አልገባውም፤ ግን ገብቶታል። «ዘመናይ፣ ተይ!» አለኝ በአማርኛ። የሚተረጉምለት ሰው አልነበረም።

ሰብሳቢው በጣም ተቆጡ። «ጠይቄሽ አልነበረም?»

«ጠይቀውኝ ነበር። መልሴ ልክ አልነበረም።»

ያ የማይናገረው መሐንዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «መከለያው በስንት ብሎን ነበር የታሰረው?» «በአራት» አልኩት። ጻፈ።

አንዲት ቃል እንዳልጨምር አዘዙና አስወጡኝ። እስከ ዛሬ የተረጎምኩት ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ከኢየሩሳሌም ሌላ ተርጓሚ መጥቶ ምስክሮቹ በሙሉ እንደገና ይሰማሉ። ጋሼ ዳምጤ እንደገና ግራ እጁን ሊያነሳ ነው። በኔ ምክንያት።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ቀሚሴን ለምን ቶሎ እንደቀየርኩ ጠየቀችኝ።


እሑድ፣ ጥር 25

የኔ ቀን። ብቻዬን ገባሁ።

ከመግባቴ በፊት ግን ኮሪደሩን ማየት ነበር። አባ ሹሜ ሰዉን ሁሉ አምጥተውታል፤ ከጋሼ ዳምጤ በቀር፣ እሱ ሆስፒታል ነበር። ውዴ አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጥታለች። ዘበኛው «መግባት አይቻልም!» ሲል አባ ሹሜ በምልክትም በአማርኛም «መግባት አንጠይቅም። ግን ነገሩ ሳይወጣ ቤቱ የሚሄድ የለም» አሉት። አሮጊቷ ለዘበኛው በዕብራይስጥ የሆነ ነገር ተናገረችው፤ ከዚያ ወንበር አመጣላቸው።

አዲሱ ተርጓሚ ክራባት አድርጎ ኮሪደር ላይ ቀረ። ለኔ አያስፈልግም። ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ቆሞ ነበር፤ ዓይኔ እዚያ ላይ ይሄዳል።

ሁሉን ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ ኤስቴር «ልጁ አደጋ እንዳለው ጠይቋል?» አለችኝ።

«ጠይቋል። ያኮቭን ጠይቂልኝ ነበር ያለኝ።»

«ጠየቅሽለት?»

«አልጠየቅኩም። ምንም አይልም አልኩት።»

«ይህን ያኮቭ ነው ያለው?»

«አይደለም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።»

የምትተይበዋ ሴት ሁሉንም ተየበችው። አልሰረዘችውም።

ስወጣ ማንም አልሄደም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። የራሴ ቃል ግን የራሴ ነው፤ እንኳንም ሕጉ ፈቀደልኝ። አባ ሹሜ ፊት ቆሜ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ወፏ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ወፍ ራሷን አትጠራም» አሉኝ ተቆጥተው።

«ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩዎ። ግማሹን ደብቄዎት ነበር።»

ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝና ለሰዉ «ነገሩ ወጥቷል። ወደየቤታችሁ» አሉ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ወረቀቱ መጣ። ታረቀ አይከሰስም። የያኮቭ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ለኔ ሁለት ደብዳቤ ነው፤ ከጉባኤው በመሐላ ላይ ስላጎደልኩት የተጻፈ ብርቱ ወቀሳ፣ ከፋብሪካው ደግሞ ከእንግዲህ አትምጪ የሚል። ሮሽ ሃዓይን ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል ይላሉ፤ እሄዳለሁ። የሚሽከረከር ወንበሩን አልናፍቅም። ማሞቂያውን ትንሽ።

ታረቀ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። «ተይ እያልኩሽ!» ብሎ ተቀይሞኝ ነበር። ትናንት መፍቻውን ይዞ መጣና የማይዘጋውን የመስኮታችንን እጀታ አስተካከለ። ሲጨርስ «ምንም አይልም?» አለኝ። ሁለታችንም መሳቅ አልቻልንም፤ ግን እማዬ ያቀረበችለትን በላ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዳምጤ ዘንድ ሄድኩ። ይህን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉን ነገርኩት። ታረቀ ጠይቂልኝ እንዳለኝ፣ ያኮቭ አራት እርምጃ ላይ እንደነበር፣ ርቦኝ እንደነበር። ጣቶችህን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ አልኩት።

ጋሼ ዳምጤ በግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገል ነበር። አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለ። «ጀርባዬን ብሰጥም ጆሮዬን አልሰጠሁም። ሰምቼሻለሁ።»

«ጉባኤው ፊት አልሰማሁም ብለህ ነበር እኮ!»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

ቁልፏ አልገባ አለችው። ተዋትና ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺን ካሰሩብኝ ሐኪሙን ማን ያናግርልኛል?» አለ። «ታረቀም ያለኝ ይህንኑ ነው። ‹ጋሼ፣ እኔ ብታሰር እችለዋለሁ፤ አንቱ ግን በሽተኛ ነዎት፣ እሷ ታስፈልግዎታለች› አለኝ።»

ተቀመጥኩ። ለካ እኔን ያተረፉኝ አፋቸው ስለሆንኩ ነው።

ብዙ ቆይቼ ቁልፉን ቆለፍኩለት። ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእጁ ሐኪም ቀጠሮ አለው። አብሬው እሄዳለሁ። የሚጠይቀኝን ሁሉ፣ ትንሹንም ቢሆን፣ እጠይቅለታለሁ።